ዋናው ከታች ነው

ጅማ ላይ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ በኮቺና በሒርማታ፤
ክዳን ከፍቼ፣ ጭቃ ጠርጌ፣ ቁጥር የምጽፍ ጠዋት ማታ።
ብዙውን ቀን መርፌው ቆሞ ይጠብቀኛል፤
ቧንቧው በውኃ ፈንታ አየር ይተነፍሳል።

ያን ማታ ሸምሱ ቤት የገባነው እግር ኳስ ልናይ ነው፤
ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ከቆርቆሮው ጋር ጠብ ላይ ነው።
ዲሹ በነፋስ ዞሮ፣ ሪሞቱ ባትሪ ጨርሶ፣
የመጣልን ቻናል ውኃ ብቻ ሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር ፈስሶ።

በውኃው ላይ ራሶች ተዘርተዋል፤
ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ሰማያዊ ቆብ አስረዋል፤
አገጭ ሥር በክር፣ እንደ አራስ ልጅ፤
አንድ ቢጫ ኳስ ይዘላል ከእጅ ወደ እጅ።

«ብሔራዊ ቡድኖች ናቸው» አለ ሙዘይን፣ ባጃጅ ነጂው።
የየትኛው አገር? ባንዲራው ትንሽ፣ ስክሪኑ አሮጌ፣ ማን ይለየው?
ሙዘይን በነጩ ሻይ አስያዘ፣ በሰማያዊው ሸምሱ፤
ነጭ የለበሱ ዳኞች በገንዳው ዳር እያፏጩ ሲመላለሱ
ሕጉን ሳናውቀው ሰደብናቸው።

እኔን ግን ሌላ ሒሳብ ያዘኝ፤
ቆጣሪ ማንበብ እንዲህ አበላሸኝ።
ሠላሳ ሜትር በሃያ፣ ጥልቀቱ ሁለት፣
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪዩብ! አሥራ አራት ሰው ሊጫወትበት።
ይኼ እኮ ለኮቺ ስንት ሳምንት ይሆናል?
እነሚስኪን ከጀሪካን ሰልፍ ስንት ቀን ያሳርፋል?
ጮክ ብዬ ኖሯል የምቆጥረው፤ ሸምሱ ሰማኝ፣
«ቢል ማምጣትህ ሳያንስ ጨዋታውን አታደፍርስብን!» አለኝ።

ጥግ ላይ ተማም አለ፤ ከቦዬ ወዲያ አሸዋ የሚያወጣ፣
እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ውሎ፣ ማታ ማታ ብቅ የሚል ሻይ ሊጠጣ፤
«ሻይ» ከማለት በቀር ቃል ከአፉ የማይወጣ።
ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ቀይ ቆብ ያሰረው በረኛ
እጆቹን ዘርግቶ፣ እስከ እምብርቱ ከውኃ ወጥቶ፣ ይጠብቃል እንደ ዘበኛ።
«ምን ላይ ነው የቆመው?» አለን።
ወለሉ ላይ ነዋ፣ አልነው፤ ሳቅን።
«ሁለት ሜትር ነው ብሏል እሱ። ወለሉን አይነካም።
የቆመ ይመስላል እንጂ፣ እግሩ ከታች ለአፍታ አይተኛም።
እናንተ ላዩን ታያላችሁ፤
ዋናው ከታች ነው፣ ልንገራችሁ።»

ዝም አልን። ቆርቆሮው ብቻ ተናገረ።
ከዚያ ወዲያ ኳሱን ያየ የለም፤ ዓይናችን ከውኃው በታች ቀረ።
ሙዘይን በዱቤ የገዛውን ባጃጅ ሳያስብ አልቀረም፤
ሸምሱ የቤት ኪራዩን፤ እኔም የእኔን፣ አልናገርም።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ፣ ግማሽ ደቂቃ ሲቀር፣
የሁላችን ትንፋሽ ሲያጥር፣
ኳሱ ከእጅ ወጥቶ፣ በረኛው ተነሥቶ፣ ገና አየር ላይ ሳለ
መብራት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ከሸምሱ ጋር «አላህ!» አለ።
ሻዩን ማን ይክፈል? እስከ ዛሬ ክርክር ነው፤
ሸምሱ ደብተሩ ላይ የጻፈው ግን በእኔ ስም ነው።

እሑድ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቦዬ ወረድን።
ኳስ የለንም፤ ባለ ሦስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከደንን።
ጉማሬ የማይደርስበትን ጥግ ተማም ያውቃል፤
ገባ። ሁለት እጁን ወደ ላይ፤ «ቁጠሩ» ይላል።
ሙዘይን እስከ ስድስት ቆይቶ ጭቃ ውኃ ጠጣ፤
እኔ፣ ቁጥር እንጀራዬ ሆኖ፣ ከአራት ወዲያ ቁጥር አልመጣ።
ተማም መቶ አለፈ፤ ደረቱ ከውኃው በላይ፣
ፊቱ ያረፈ ሰው ፊት፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ።
ጀሪካኑን ወረወርንለት፣ በአንድ እጁ ቀለበው፤
ከታች ምን እንደሚያደርግ፣ ውኃው ደፍርሷል፣ ማን አየው?

ሰኞ ኮቺ ነኝ። የነሚስኪን ቤት ቆጣሪ ክዳን አነሣሁ፤
ጭቃውን ጠርጌ፣ መስታወቱን በአውራ ጣቴ አሸሁ።
መርፌው ቆሟል። የመጨረሻዎቹ አኃዞች ዘጠኝና ዘጠኝ።
ሳቅሁ። ሚስኪ ባዶ ጀሪካኗን አስቀምጣ «ምን አሳቀህ?» አለችኝ።
«ገና እኩል ናቸው» አልኋትና ደብተሬ ላይ ጻፍሁት፤
ክዳኑን ሳልመልስ፣ እንደ ልጅ፣ ጆሮዬን ወደ ቧንቧው አስጠጋሁት።